«ኢንኮኤት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አውቆ መጠቀም፦ ከሥሩ እስከ ፍርድ ቤት

ባለፈው ዓመት አንድ የሰፈራችን ልጅ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚልከውን ደብዳቤ እንዳይለት አመጣልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ የግብርና ምሩቅ። ደብዳቤውም ጥሩ ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «የመጣሁት ከኢንኮኤት አገር ነው» ይላል።

«ይሄን ቃል ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ለጂአርኢ፣ ለድኅረ ምረቃ መግቢያው ፈተና፣ ከማጠናው የቃላት ዝርዝር ነው ጋሼ። ትርጉሙ ‹ያልዳበረ፣ ያላደገ› ይላል። በማደግ ላይ ያለች አገር ለማለት ነው።»

ክፉ አላሰበም። ቃሉ ግን የሚለው ሌላ ነው። «አገሬ ገና አሁን የተጀመረች፣ መልኳ ያልለየ ናት» ነው ያለው። የአክሱምን ሐውልት ያቆመች፣ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈለች አገር ገና ጅምር አይደለችም። ድሃ ናት ማለት አንድ ነገር ነው፤ ገና አልተጀመረችም ማለት ሌላ። ይህን ልዩነት ያጠፋው የመዝገበ ቃላት አንድ መስመር ነው።

ያን ቀን ሻይ ቀርቦልን ቃሉን ከሥሩ ጀምረን አየነው። በዚያው ቅደም ተከተል እነሆ። ለፈተና የምታጠኑም፣ የምትተረጉሙም፣ ውጭ አገር ሆናችሁ ፍርድ ቤት የምታስተረጉሙም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 1፦ አጻጻፉንና አነባበቡን ያዙ

ፊደሎቹ ስምንት ናቸው፦ አይ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ። ደብተራችሁ ላይ በእጃችሁ ጻፉት።

«ሲ» እና «ኤች» ተከታትለው ስናይ አፋችን ቶሎ «ች» ይላል። እዚህ ግን «ክ» ነው፤ እንደ «ኬሚስትሪ»። «ኢንቾኤት» የሚባል ቃል የለም። ጫና የሚያርፈው «ኮ» ላይ ነው፦ ኢን-ኮ-ኤት። የመጨረሻውን ቀለል አድርጉት፤ «እት» ለማለት የቀረበ ነው። አንዳንድ እንግሊዞች መጀመሪያው ላይ ጫን ብለው መጨረሻውን «ኤይት» ይሉታል። እሱም ልክ ነው።

ቃሉ በአናባቢ ስለሚጀምር ከፊቱ የሚመጣው «ኤ» ሳይሆን «አን» ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ፈታኝ ዓይን ውስጥ ትገባለች።

ደረጃ 2፦ ሥሩን በሬ ሲጠመድ እዩት

ብዙ ሰው የቃላትን ሥር እንደ ትርፍ ነገር ያልፈዋል። በዚህ ቃል ላይ ግን ሥሩ ራሱ ትምህርቱ ነው። ለእኛ ደግሞ ከማንም በላይ ይቀርበናል።

ኢንኮኤት የመጣው «መጀመር» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። የሥርወ ቃል አጥኚዎች በአብዛኛው እንደሚሉት ያ ግሥ ደግሞ የወጣው «ኮሁም» ከሚል ስም ነው። ኮሁም ማለት ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው። የእኛ ገበሬ ምራን የሚለው ማለት ነው። ስለዚህ የጥንት ሮማውያን «ጀመርኩ» ሲሉ ከቃሉ ጀርባ ያለው ሥዕል «ጠመድኩ» ነው።

እስቲ ማለዳ ማሳ ዳር የቆመ ገበሬ አስቡ። ሁለቱ በሬዎች ቀንበር ተሸክመዋል። ሞፈሩ በምራን ታስሯል። ጅራፉ በእጁ ነው። ሥራ ተጀምሯል ወይስ አልተጀመረም? ተጀምሯል። በሬዎቹ ተጠምደዋልና ማንም «ዛሬ እርሻ የለም» አይልም። ግን መሬቱን እዩት። አንድ ፈር እንኳ አልወጣበትም። የማሳው መልክ ትናንት እንደነበረው ነው። ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚያርስ የሚያውቀው ገበሬው ብቻ ነው፤ ምናልባት እሱም ገና እያሰበበት ይሆናል።

ኢንኮኤት ያቺ ቅጽበት ናት። ተጠምዷል፤ ፈር አልወጣም።

ይህን ሥዕል ከያዛችሁ መዝገበ ቃላቱ ሲያሳስታችሁ ትይዙታላችሁ። አማርኛችን ራሱ ይረዳችኋል። «ፈር ያልያዘ» እንላለን አይደል? «ሐሳቡ ገና ፈር አልያዘም» ስንል ሐሳቡ አለ፣ ተነስቷል፣ መንገዱ ግን አልለየም ማለታችን ነው። እኔ እስካሁን ለኢንኮኤት ከዚህ የተሻለ አማርኛ አላገኘሁም። ሁለቱም ከአንድ ማሳ የወጡ አባባሎች ናቸው። የሮማ ገበሬና የጎጃም ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አይተዋል።

ከጎኑ ደግሞ «ፈር የለቀቀ» የሚባል አለ። ይህ ሌላ ነው። ፈር የለቀቀ ነገር መንገድ ነበረው፤ ከዚያ ወጣ። ሥርዓቱን ሳተ። ልዩነቱን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደረጃ 3፦ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ

ቃሉን ከመጻፋችሁ በፊት ልትገልጹት ያሰባችሁትን ነገር እነዚህን ጠይቁት።

አንደኛ፦ ተጀምሯል ወይ? ምንም ካልተጀመረ ኢንኮኤት አይደለም። «መንገድ የለም» ማለት «መንገዱ ኢንኮኤት ነው» ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፦ ወደ አንድ ሙሉ ነገር የሚሄድ ነው ወይ? ሐሳብ ወደ ዕቅድ፣ ስሜት ወደ ውሳኔ፣ ቅሬታ ወደ ንቅናቄ ይሄዳል። የሚያድግበት አቅጣጫ የሌለው ነገር ከዚህ ቃል ጋር አይገጥምም። መንገድ ዳር የወደቀ ድንጋይ መልክ የለውም፤ ግን ምንም ለመሆን አልተነሳም።

ሦስተኛ፦ መልኩ ገና አልለየም ወይ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። ነገሩ አዲስ ሆኖ መልኩ ግን ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያን ውሰዱ። ሥራውን በይፋ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። አዲስ ነው፤ ትንሽ ነው። ግን ሕግ አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው፣ አሠራሩ ተጽፏል። ፈር ይዟል። ስለዚህ ኢንኮኤት አይባልም። ለእሱ የሚሆነውን ቃል ቀጥሎ ታገኙታላችሁ።

ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ቃሉን ያለ ፍርሃት ጻፉት። አንዱ «አይ» ካለ ተዉት፤ ሌላ ቃል አለ።

የልጁን ደብዳቤ በዚህ ፈተንነው። አገር፦ ተጀምራለች? አዎ፣ በጣም ድሮ። ወደ ሙሉ ነገር የምትሄድ ናት? ይሁን እንበል። መልኳ አልለየም? ቋንቋዋ፣ ፊደሏ፣ የዘመን አቆጣጠሯ፣ ምግቧ፣ ሁሉም መልክ ያላት አገር! ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ልጁ ራሱ እርሳሱን አንስቶ ቃሉን ሰረዘው።

ደረጃ 4፦ የሚስማማውን ስም ምረጡ

ቃል እንደ ሰው ነው፤ የሚውልበት ባልንጀራ አለው። ኢንኮኤት በብዛት የሚውለው ከማይጨበጡ ነገሮች ጋር ነው፤ ከሐሳብ፣ ከስሜት፣ ከናፍቆት፣ ከፍርሃት፣ ከዕቅድ፣ ከንቅናቄና ከመብት ጋር።

ከሁሉም የሚያምርበት ግን ስሜት ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ የሚወጣ ሰው ቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ሲገባ አይታችሁት ታውቃላችሁ? እናቱ እያለቀሰች ነው። እሱ ሻንጣውን ይገፋል። ከውስጡ አንድ ነገር ይነሳል። ሐዘን ነው? ደስታ ነው? ፍርሃት ነው? ቢጠይቁት አይመልስም። ዝም ስላለ ምንም አልተሰማውም ማለት አይደለም። ተሰምቶታል፤ ግን ስም አላገኘለትም። አሥር ዓመት ቆይቶ ዋሽንግተን ወይም ቴልአቪቭ ተቀምጦ «ያኔ የተሰማኝ እኮ እንዲህ ነበር» ሊል ይችላል። በቦሌው ሰዓት ግን ኢንኮኤት ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ስሜት ከዚህ የተሻለ የእንግሊዝኛ ቃል አላውቅም።

ለሚጨበጡ ነገሮች ግን አይመችም። ያላለቀ ፎቅ «አንፊኒሽድ» ነው። ያልበሰለ ማንጎ «አንራይፕ» ነው። ጥሬ ሥጋ «ሮው» ነው። ሕፃን ልጅን ኢንኮኤት ብትሉት ነውር ነው። ድሃ ሰፈርን ደግሞ «አንደርዴቨሎፕድ» ይሉታል፤ እሱም ቢሆን ሰው የሚያስከፋ ቃል ስለሆነ አስቡበት።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ከስሙ በፊት ይመጣል፦ «አን ኢንኮኤት አይዲያ»። ወይም ከ«ኢዝ» እና ከ«ዋዝ» በኋላ ይመጣል፦ «ዘ ፕላን ዋዝ ኢንኮኤት»። አጋዥ ቃል ሲያስፈልግ «ስቲል»፣ «አዝ የት» ወይም «ላርጅሊ» ይስማሙታል፤ ሁሉም «ገና ነው» የሚል መንፈስ አላቸው። «ቬሪ ኢንኮኤት» ግን አይጥምም። «በጣም ጅምር» አይባልም አይደል? ልክ እንደዚያ ነው።

ለቦታውም ተጠንቀቁ። ቃሉ የመጽሐፍ፣ የጥናትና የሕግ ቃል ነው። ለጓደኛ በቴሌግራም «ዕቅዴ ኢንኮኤት ነው» ብሎ መጻፍ ሠርግ ልብስ ለብሶ ጉሊት እንደመውረድ ነው። እዚያ «ገና አልወሰንኩም» ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ከዘመዶቹ ለዩት

ጅምር ነገርን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ናቸው። መዝገበ ቃላት ሁሉንም «ያልዳበረ» ብሎ ይጨፈልቃቸዋል። እያንዳንዱ ግን የራሱ ሥዕል አለው።

«ናሰንት» መወለድ ከሚል የላቲን ቃል ነው የመጣው። ብቅ ያለ፣ ለጋ፣ እንደ ቡቃያ ተስፋ ያለው። መልኩ ይታያል፤ ገና ትንሽ ነው እንጂ። ቅድም ያልነው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ናሰንት ነው። አዲስ ኢንዱስትሪ፣ አዲስ የሙዚቃ ስልት፣ አዲስ ተቋም ሁሉ በዚህ ይገለጻል። ብዙ ጊዜ ኢንኮኤት ሊሉ ያሰቡ ተማሪዎቻችን የሚፈልጉት ይሄን ነው።

«ኢንሲፒየንት» ሊመጣ ያኮበኮበ ነው። የሐኪም ቃል ይመስለኛል ሁልጊዜ። ዓይን ላይ ሞራ መጣል ሲጀምር ሐኪሞች በዚህ ይጠሩታል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለመጥፎ ነገር ነው፦ ለበሽታ፣ ለረብሻ፣ ለመላጣ። አሁን ካልተያዘ ይብሳል የሚል ማስጠንቀቂያ አለበት።

«ኢምብሪዮኒክ» ጽንስ ነው። ሙሉው ነገር ውስጡ ታጥፎ አለ፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። የፕሮጀክት ጽሑፍ ላይ ያምራል።

«ሩዲመንታሪ» ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚቆም ነው። «ሩዲስ» ማለት በላቲን ጥሬ፣ ያልተሠራበት ማለት ነው። ሩዲመንታሪ ነገር ግን የግድ ጅምር አይደለም። ያለቀ ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ቀላል ነው፣ መነሻውን ብቻ የያዘ ነው። «ሩዲመንታሪ እንግሊዝኛ አለኝ» የሚል ሰው ሰላምታና ገበያ ይችላል ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን እዚያው ቢቆይም ቃሉ ልክ ነው። ኢንኮኤት ግን ገና ወደፊት ይሄዳል። ይህን ልዩነት ፈተና ላይ ደጋግመው ያመጡታል።

«ቬስቲጂያል» አቅጣጫው የተገለበጠ ነው። ዱካ ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን ድሮ የነበረ፣ አሁን ግን ምልክቱ ብቻ የቀረ ነገርን ይገልጻል። ጨለማ ዋሻ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ዓሦች የማያዩበት ትንሽ ዓይን አላቸው፤ ያ ቬስቲጂያል ነው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው የዝርያዎች መጽሐፉ እንዲህ ያሉ አካላትን «ሩዲመንታሪ» ነበር ያላቸው። ስለዚህ የድሮ የሳይንስ ጽሑፍ ስታነቡ ግራ አይግባችሁ። በዛሬ አጠቃቀም አንዱ መነሻ ነው፤ ሌላው ቅሪት።

አሁን ቅድም ያልኳችሁ ላይ እንመለስ። ኢንኮኤትን የሚያስቱት ዘመዶቹ ብቻ አይደሉም፤ በድምፅ የሚመስሉትም ናቸው። «ኬኦቲክ» ማለት የተመሰቃቀለ ነው። «ኢንኮሂረንት» ማለት እርስ በርሱ የማይያያዝ፣ የተደነባበረ ንግግር ነው። ሦስቱም «ክ» እና «ኦ» ስላለባቸው ጆሮ ያምታታቸዋል። ተወላጅ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ኢንኮኤትን ለተመሰቃቀለ ነገር እየተጠቀሙበት ስለመጣ አንዳንድ መዝገበ ቃላት ይህን ፍቺ አስገብተውታል። እኔ ግን እንድትጠቀሙበት አልመክርም። የአዲስ አበባ መርካቶን ቅዳሜ ጠዋት ያየ ሰው ኬኦቲክ ቢለው ይገባኛል። ኢንኮኤት ግን አይደለም። መርካቶ ከተጀመረ ቆየ፤ ለነጋዴው ደግሞ የትኛው ተራ የት እንዳለ ጥርት ያለ ነው። ፈር ያልያዘና ፈር የለቀቀ አንድ አይደሉም ያልኩት ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ «ኢን» አያታላችሁ

ይህ ትንሽ ደረጃ ናት፤ ግን ጠበቆችንም አሰናክላለች።

በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ከፊት የምትቀጠለው «ኢን» አፍራሽ ናት። እንደ አማርኛው «ያል-» ወይም «የማይ-» ማለት ናት። ኢንኮኤት ላይ ያለችው ግን እሷ አይደለችም። «ወደ ውስጥ»፣ «ላይ» የምትለዋ ሌላዋ «ኢን» ናት። «ኢንፍላመብል» የሚለውን አስቡ። በቀላሉ እሳት የሚይዝ ማለት ነው እንጂ የማይቃጠል ማለት አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ከነዳጅ አጠገብ ክብሪት ሊጭር ይችላል።

አንዳንድ የአሜሪካ ጠበቆች «ኢን»ን አፍራሽ መስላቸው ቆርጠው ጣሉና «ኮኤት» የሚል ቃል ፈጠሩ፤ «የተጠናቀቀ» ለማለት። ቃሉ በንብረት መያዣ ጉዳዮች ላይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ውሳኔዎች ድረስ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 ግን የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በክርክር መሐል አንድ ጠበቃ ይህን ቃል ሲጠቀም አስቁመው እንዲህ የሚባል ቅጽል የለም ብለው ገሠጹት። ፍርድ ቤታቸው ራሱ እንደተጠቀመበት ግን አልካዱም።

እናንተ ጠበቃ ካልሆናችሁ «ኮኤት»ን ተዉት። ተቃራኒ ስትፈልጉ «ኮምፕሊት»፣ «ፉሊ ፎርምድ» ወይም «ማቹር» በሉ።

ደረጃ 7፦ ሕግ ውስጥ ስታገኙት ቆም በሉ

እዚህ ላይ ስህተት ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የወንጀል ሕግ «ኢንኮኤት ኦፌንስ» ወይም «ኢንኮኤት ክራይም» የሚባል ክፍል አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የአሜሪካ የአርአያ ወንጀል ሕግ አምስተኛ ክፍሉን በዚሁ ስም ጠርቶታል። ሥሩ ያሉት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ወንጀል መሞከር፣ ሌላውን ወንጀል እንዲሠራ መጠየቅ ወይም ማነሳሳት፣ እና ከሌላ ጋር ማሴር። በእንግሊዝ ሙከራን የሚገዛው እ.ኤ.አ. የ1981 ሕግ ነው። ማነሳሳትን በተመለከተ የነበረው የቆየ ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ሕግ ተተክቷል።

አስተርጓሚ ሆናችሁ ይህ ቃል ሲመጣ «ያልተፈጸመ ወንጀል» ብላችሁ አትለፉ። ተከሳሹ «እንግዲህ ካልተፈጸመ ነፃ ነኝ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። የታሰበው ወንጀል ባይጠናቀቅም ጅምሩ ራሱ ወንጀል ነው፤ ያስከስሳል፣ ያስቀጣል። በሬዎቹ ተጠምደዋል፤ ሕጉ ፈሩ እስኪወጣ አይጠብቅም። እኔ ብሆን «ጅምር ወንጀል፤ ማለትም የታሰበው ባይፈጸምም በራሱ የሚያስቀጣ ድርጊት» ብዬ እተረጉመዋለሁ። ረጅም ነው። ግን ሰው የተከሰሰበትን ማወቅ አለበት።

ከአገራችን ሕግ ጋር ማነጻጸር ይረዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 26 ለወንጀል መሰናዳትን፣ አንቀጽ 27 ሙከራን ይለያል። መሰናዳት ብቻውን በመርህ ደረጃ አያስቀጣም፤ ድርጊቱ ራሱ ወንጀል ካልሆነ ወይም ሕጉ ለይቶ ካልደነገገ በቀር። ሙከራ ግን ያስቀጣል። ገመድ መግዛትና ገመዱን ይዞ አጥር መዝለል ይለያያሉ እንደማለት ነው።

ሌላው ቦታ የገንዘብ ሰነድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 የወጣው የእንግሊዝ የሐዋላ ሰነዶች ሕግ አንቀጽ 20 «ኢንኮኤት» ስለሆኑ ሰነዶች ይናገራል። ፊርማ ያለበት፣ ቀሪው ግን ያልተሞላ ወረቀት ማለት ነው። ብሩ ያልተጻፈበት የተፈረመ ቼክ አስቡ። ቼኩ አለ፤ ፊርማው አለ፤ ስንት እንደሆነ ግን ገና አልለየም። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው ቀሪውን እንዲሞላ እንደተፈቀደለት ይገመታል። እዚህ ላይ ቃሉን «ያልተሟላ ሰነድ» ማለት ይበቃል። ምክሬ ደግሞ በየትኛውም አገር ብትሆኑ ባዶ ቼክ ላይ አትፈርሙ።

ደረጃ 8፦ ወደ አማርኛ ስትመልሱት

አንድ ቋሚ ፍቺ አትፈልጉ። ቀጥሎ ያለውን ስም እዩና ምረጡ።

ሐሳብና ዕቅድ ከሆነ «ፈር ያልያዘ» ወይም «መልክ ያልያዘ» በሉ። «ውጥን» የሚለውም ጥሩ ነው፤ የተጀመረ ማለት ስለሆነ። ስሜት ከሆነ «ገና ያልለየ» ወይም «ስም ያልወጣለት» ያምራል። ሕዝባዊ ንቅናቄ ከሆነ «ገና ያልጠና»። ሕግ ከሆነ «ጅምር»።

«ጅምር» በነገራችን ላይ ከቃሉ ጋር ልክ የሆነ አሠራር አላት። ጀመረ ከሚል ግሥ ወጥታ «የተጀመረ» ማለት ናት፤ የላቲኑም እንዲሁ። የቤት ደላሎች «ጅምር ቤት አለ» ሲሉ መሠረቱ የወጣ፣ ጣሪያ ያልለበሰ ቤት ማለታቸው እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ብቻ አማርኛው ለቤትም ለሐሳብም ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ወደ ሐሳቡ ያደላል።

«ጥሬ»፣ «እንጭጭ» እና «ጨቅላ» ሲያስፈልጉ ተጠቀሙ እንጂ መጀመሪያ አትምዘዟቸው። ጥሬነትና እንጭጭነት የፍሬ ነው፤ ማሳነስ አለበት። ኢንኮኤት ሰውን አያሳንስም። ሁሉም ነገር የሚያልፍበትን ሰዓት ይናገራል እንጂ።

ሰዋስው የምትወዱ ካላችሁ «ኢንኮኤቲቭ» የሚባለውንም ያዙ። ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ወደ አንድ ሁኔታ መግባትን የሚናገር ግሥ ማለት ነው። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፦ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ደረቀ፣ ሰፋ። «ፊቱ ቀላ» ስንል ቀይ ነው ሳይሆን ቀይ ሆነ ነው። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ይጠቀማል።

ደረጃ 9፦ ሞክሩት

መልሱን ከማየታችሁ በፊት እያንዳንዱን በሦስቱ ጥያቄዎች ፈትኑ። የትኛው ላይ ኢንኮኤት ይገባል?

ሀ. አንዲት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ «የሆነ የራሴ ሥራ እፈልጋለሁ» ትላለች። ምን እንደሆነ ግን ገና አታውቅም።

ለ. አያቴ ሞባይል መደወልና ማንሳት ይችላሉ፤ ከዚያ በላይ አይፈልጉም።

ሐ. ስብሰባው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጮኸ ማንም ማንንም አልሰማም።

መ. የመንደሩ ሰዎች ስለ ውኃው ያጉረመርማሉ። መሪ የላቸውም፣ ጥያቄያቸውም በአንድ ቃል አልተነገረም። ግን ማታ ማታ መሰብሰብ ጀምረዋል።

ሀ ላይ ይገባል፤ ፍላጎቱ ተነስቷል፣ መልኩ ግን አልለየም። ለ ላይ አይገባም፤ የአያቴ ዕውቀት ሩዲመንታሪ ነው፣ እዚያው ይበቃቸዋል። ሐ ኬኦቲክ ነው። መ ላይ በደንብ ይገባል። ነገ መሪ መርጠው ደብዳቤ ጽፈው ቀበሌ ሲሄዱ ደግሞ ቃሉን ትለውጣላችሁ፤ ያኔ ንቅናቄው ናሰንት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ከራሳችሁ ሕይወት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ሐሳብና ስሜት ይሁን፤ ቃሉ እዚያ ነው የሚያድገው። ልጁም ያን ቀን ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለ አገሩ የጻፈውን ሰረዘና ቃሉን ወደ ራሱ አዞረው። «ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስለ አፈር የነበረኝ ጥያቄ ኢንኮኤት ነበር» ብሎ ጻፈ። «የአባቴ ማሳ ከዓመት ዓመት ምርቱ ለምን እንደሚቀንስ መጠየቅ ጀምሬያለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ግን አላውቅም ነበር።» ከዚያ አራት ዓመት የተማረው ያንን ጥያቄ እንዴት ፈር እንዳስያዘለት በዝርዝር ቀጠለ።